በጉለሌ ስለ ተተከለው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት

በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ ከስድስት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ሕዝቡ «መነን» እያለ የሚጠራው ሰፈር አለ። የታክሲው ረዳት ስሙን እየጮኸ ተሳፋሪ ይሰበስባል፤ ተሳፋሪውም ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ስሙ የማን ስም እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ከጎጃም መጥቼ በጉለሌ ከተቀመጥሁ እነሆ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል፤ በዚህም ሰፈር ወደ ማኅሌትና ወደ ጉባኤ ስመላለስ ኖሬአለሁ። በዚህ ዓመት በምናገለግልበት ደብር አንድ ክርክር ስለ ተነሣ፥ ለስሙ ምክንያት የሆነውን የትምህርት ቤት ታሪክ አጥርቶ ማወቅ ግድ ሆነብኝ። የክርክሩን ነገር ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ አስቀድሞ ግን ታሪኩን ማስረዳት ይገባል።

እቴጌ መነን አስፋው በ1883 ዓ.ም. በአምባሰል ተወለዱ፤ አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፥ እናታቸው ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። ዘውዱ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተጫነ በኋላ፥ ዓመት ያህል እንኳ ሳይርቅ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1931 በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በዚሁ ሥፍራ ተከፈተ። ልዑል ራስ ተፈሪ ለወንዶች ልጆች የተከሉት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበርና፥ እኅቲቱ ከወንድሟ በስድስት ዓመት ገደማ ዘግይታ ተወለደች ማለት ነው። ስድስት ዓመት ብዙ አይደለም የሚለኝ አንባቢ ቢኖር፥ እውነት ነው፤ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ያለፈውን ዘመን መቍጠር ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ነገር ስናስብ አባቶቻችንን ያለ አግባብ ከመውቀስ መጠበቅ ይገባናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1908 በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በከፈቱ ጊዜ፥ ቤተ ክህነቱ የፈረንጅ መምህር የፈረንጅ ሃይማኖት ይዞ ይገባል ብሎ ሠጋ። ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም፤ ሱስንዮስ በነገሠበት ዘመን የሆነው ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ሲነበብ ኖሯልና። ስለዚህ ነገሩ በብልሃት ታረቀ፤ መምህራኑ በሃይማኖት አንድ ከሆኑት ከግብጽ ቅብጦች ዘንድ እንዲመጡ ሆነ፥ አቡነ ማቴዎስም በዚህ ተስማሙ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ወንዶቹ ልጆች ብርቱ ክርክር ተደርጎ ነበር፤ ስለ ሴቶቹ ግን ክርክር እንኳ አልነበረም። ሰው የሚከራከረው ሊሆን ይችላል ብሎ ስላሰበው ነገር ነው፤ ይህ ግን በአሳብም አልነበረ።

የቤተ ክርስቲያን ጥላ ያለበትን የመጀመሪያውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ለመፈለግ የሚነሣ ሰው ግን ከጉለሌ ርቆ፥ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ መውረድ ይገባዋል። በምጥዋ አጠገብ በምንኩሉ የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበረው። ወደ ዐረብ አገር በባርነት ልትሸጥ ስትወሰድ በባሕር ላይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ነፃ የወጣች አስቴር ገኖ የምትባል የኦሮሞ ልጅ በዚያ ገብታ ተማረች። ኋላም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋራ ሆና በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ያለ እርስዋ ድካም እንዲያ ባልተፈጸመ ነበር፤ ቃሉን ከሥሩ የምታውቀው እርስዋ ነበረችና። ተረቱንና ዜማውን፥ እንቆቅልሹንና ምሳሌውን ከአእምሮዋ እያወጣች የጻፈችው ደግሞ ብዙ ነው። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ነውና በዚህ ገጽ ልታነሣው አይገባም የሚለኝ ይኖር ይሆናል። በሃይማኖት መለያየታችንን አልሸሽግም። ነገር ግን ከባርነት የወጣች ልጅ ሚዛን የማታውቅ መስላ ቀርታ፥ በቃል ሚዛን አዋቂ ሆና ስትገኝ ያየ የቅኔ ሰው ዝም ቢል ለሞያው ሐሰተኛ ይሆናል።

ወደ አዲስ አበባም የዚሁ ሚስዮን ሰው ካርል ሴደርኵዊስት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1904 መጥቶ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ በጉለሌም ዶክተር ላምቢ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በራስ ተፈሪ ዘመን ሆስፒታል አቁሞ ነበር፤ ቦታው ኋላ «ፓስተር» ተብሎ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራል። ስለዚህ እቴጌይቱ ትምህርት ቤቱን በከፈቱ ጊዜ ጉለሌ ባዶ ምድር አልነበረም። በላይ በኩል እቴጌ ጣይቱ የተከሉት የእንጦጦ ማርያም፥ በዚያም አጠገብ ራጉኤል፥ በታች ደግሞ የቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ነበሩ፤ ደወሉ ከሁሉም በኩል ይሰማ ነበር።

አሁን ደግሞ «ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው፤ በእኛ ሥርዐት ሴት ልጅ ለመጽሐፍ አልተሰጠችም» የሚሉኝን ወንድሞቼን ልመልስላቸው እወዳለሁ፤ እነርሱም በዚህ ዓመት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነግረውኛልና። እመቤታችን ከ3 ዓመቷ ጀምሮ 12 ዓመት በቤተ መቅደስ መኖሯን፥ መልአኩም ሐርና ወርቅ ስትፈትል ማብሠሩን የማያውቅ ካህን የለም። ያ ፈትል ለመጋረጃ የተሰጠ ሥራ ነበር፤ ዳሩ ግን በመቅደስ 12 ዓመት የኖረች ሴት ፈትል ብቻ ይዛ አልወጣችም። ከእኛው አገር ደግሞ ንግሥት እሌኒ ሁለት የምስጋና መጻሕፍት መድረሷ በ16ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ በታተመ መጽሐፍ ሳይቀር ተመዝግቧል። በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈችው ወለተ ጴጥሮስ፥ ሱስንዮስን ፊት ለፊት ተቃውማ፥ በጣና ዙሪያ የመነኰሳትና የመነኰሳይያት ማኅበር ሰብስባ ትመራ ነበር፤ ገድሏም ካረፈች 30 ዓመት ሲሆናት ተጻፈ። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደ ነበር የማያውቅ የለም። የቅኔው ነገር ሲነሣማ፥ ሊቃውንቱ ሁሉ ስማቸውን የሚያነሡላቸው የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፥ ዓይነ ሥውር ሆነው ሳለ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች አስተማሩ፤ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው የወጡ መምህራንም ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ሴት ልታስተምረው የተፈቀደውን ሴት ልትማረው የሚከለክል አገባብ ከየትኛው ግሥ ይወጣል?

በዚህ ላይ ከራሴ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ የቅኔ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ቀን ኩፋዳቸውን አንግተው በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ይውላሉ፥ ማታ ደግሞ ተሰብስበው የቈጠሩትን ቅኔ እያቀረቡ ይታረማሉ። ከእኔ በ3 ዓመት የምትበልጥ እኅት ነበረችኝ፤ ውኃ ታቀርብላቸዋለች፥ ንፍሮ ትቀቅልላቸዋለች፤ ሥራዋን እየሠራች ጆሮዋ ከጉባኤው አይነሣም። አንድ ማታ አንድ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን ጀምሮ ሁለተኛው ቤት አልመታ አለው፤ ሲያወጣ ሲያወርድ፥ ጓደኞቹም ሲስቁበት፥ እርስዋ እንስራዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ከአጥሩ ወዲያ የሚያስፈልገውን ግሥ ጠራችለት። ቤቱም መታ። ተማሪዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። አባቴም ዘወር ብሎ ብዙ ካያት በኋላ «ምነው ወንድ በሆንሽ!» አላት። ይህ ቃል በአገራችን ከምርቃት ይቈጠራል። በዚያው ዓመት በጥር ተዳረች፤ ዕድሜዋም 11 ዓመት ነበር።

ዛሬ እኅቴ ባልዋ ከሞተ ወዲህ ከልጅዋ ጋራ በሽሮ ሜዳ ትኖራለች። ያን ግሥ ዛሬም ታስታውሰዋለች፤ እኔ ግን ረስቼው ነበር። ስጠይቃት ወዲያው ነገረችኝና «አንተስ ምን ታስታውሳለህ፥ መጽሐፍ ላይ ታየው የለ» ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። በመጀመሪያ የገቡት አብዛኞቹ የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ፤ ማደሪያም ነበራቸው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንደ ዘመኑ ልማድ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ከፊደልና ከሒሳብ ጋራም ስፌትና የቤት አያያዝ ይማሩ ነበር። በዚያ ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛና ግብረ ገብ ለማስተማር የሚጠራው የቤተ ክህነት ሰው ነበርና፥ ሐዲሱ ትምህርት ቤት ሲከፈት አሮጌው ትምህርት ቤት በጓሮ በር መግባቱ አልቀረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከቅጥሩ ብዙም ሳይርቅ በቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ነበሩ፥ ዛሬም አሉ፤ ጀበናውና ድስቱ፥ ምጣዱም ከእጃቸው ወጥቶ በየማጀቱ ይገባል። የእነርሱ ልጅ በዚያ ዘመን በዚያ በር ትገባ እንዳልነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በእነርሱ ጐረቤት ነበር፤ የተከፈተው ግን ለእነርሱ አልነበረም።

ከዚያም ጣልያን መጣ። ትምህርት ቤቱ ገና 5 ዓመት ሳይሞላው ተበተነ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የሆነውን ግፍ የስድስት ኪሎው ሐውልት ይመሰክራል፤ ከዚያም በኋላ ፊደል የቈጠረ ወጣት ሁሉ እየታደነ መገደሉ የታወቀ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚህ መከራ ውስጥ ካለፉት አንዷ ናቸው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚስዮን ያደጉ ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸውን ወደ ስዊስና ወደ ፈረንሳይ ልከው አስተማሩ። ወይዘሮ ስንዱ በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋራ በምዕራብ ነበሩ፤ ኋላም ተይዘው ጣልያን አገር በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ነፃነት ሲመለስ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም እንደ ገና ተከፈተ፤ በፈረንሳይኛ ፋንታም እንግሊዝኛ ገባ፤ ወይዘሮ ስንዱም ዳይሬክተር ሆነው ትምህርት ቤቱን መሩ።

የወይዘሮ ስንዱን ሥራ ሳስብ ደስ የሚለኝ ተማሪዎቹ በራሳቸው ቋንቋ የሚጫወቱት ቴአትር መጻፋቸው ነው። ልጃገረድ በአደባባይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ ስትናገር መስማት ለዚያ ዘመን ሰው እንግዳ ነገር ነበር፤ ልጆቹ ግን የፋሽስትን ዘመን የአርበኞች ታሪክ በአደባባይ ተናገሩ። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው የወይዘሮ ስንዱ መጽሐፍ በ1942 ዓ.ም. ታተመ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1957ም ለፓርላማ ተመርጠው በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። በሚስዮን ያደገ አባት፥ በእስር ቤት የበሰለች ልጅ፥ በእቴጌ ስም የተተከለ ትምህርት ቤት፥ ከዚያም ፓርላማ፤ ይህን መንገድ አስቀድሞ ያቀደው ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። መንገዱ እንደ ዕጣነ ሞገር ረዘመ፤ ቤት ግን አልሳተም።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲከፈት ለሴቶች መግቢያ በር የሆነው በአብዛኛው ይኸው ትምህርት ቤት ነበር፤ ነርስና መምህርት እየሆኑም ወደ ክፍለ ሀገሩ የወጡት ብዙዎች ናቸው። እቴጌይቱ በ1954 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የንጉሣውያን ስም ከየበሩ ሲፋቅ፥ የዚህም ትምህርት ቤት ስም ተለውጦ «የካቲት 12» ሆነ፤ ወንዶችም ሴቶችም በአንድነት ተማሩበት። ስሙ የሰማዕታት ቀን ስም ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን መንግሥት ስሙን ቢለውጠውም የታክሲው ረዳት አልለወጠውም፤ ሰፈሩ «መነን» እንደ ተባለ ቀረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቤቱ እንደ ቀድሞው ስም የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፍቷል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። የእኅቴ የልጅ ልጅ 15 ዓመት ሆኗታል። ውዳሴ ማርያም ከነዜማው ዘልቃለች፥ ዳዊት ትደግማለች፤ በደብሩ የአብነት ጉባኤ ቅኔ የሚማሩ ወንዶች ልጆች ስላሉ ከእነርሱ ጋራ ልቀመጥ ብላ ጠየቀች። የደብሩ ሽማግሌዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ የሚሉት ጉባኤው ማታ ነው፥ ልጃገረድ ማታ ከወንዶች ጋራ ልትቀመጥ አይገባም ነው። ይህ አሳብ ክብር አለው፤ መልሱም ቀላል ነው፤ እኔ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ላስተምር ቃል ገብቻለሁ፥ እናቷም ልትቀመጥ ትችላለች። ሌሎቹ ደግሞ በማኅሌት ቆማ አታቀርበው፥ ታዲያ ምን ይጠቅማታል ይላሉ። እኔም እንዲህ እላለሁ፦ ቅኔ የማኅሌት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ የሚተረጐምበት ቍልፍ ነው፤ ትርጓሜ ቤት ለመግባት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የሚያልፍበት በር ነው። በሰበታ በጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ያሉት እናቶች ልጆችን የሚያሳድጉት መጽሐፍ ይዘው ነው፤ በየደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሴቶችም አሉ። የሚያስተምሩትን መጽሐፍ ቍልፉን ነፍገናቸው በሩን ክፈቱ ማለት እንዴት ይሆናል?

ሦስተኛው ወገን ምንም ምክንያት አያቀርብም፤ «አልተለመደም» ይላል። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ምክንያት ቢኖረው በምክንያት እመልስለት ነበርና። አንድ ትልቅ ሽማግሌ በሸንጎ መካከል እንዲህ አሉኝ፦ «የኔታ፥ አባትዎ ያላደረጉትን እርስዎ ሊያደርጉ ነው?» እኔም አባቴ ያን ማታ ለእኅቴ የተናገረውን ቃል ነገርኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኅትዎ አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «አሉ» አልኋቸው። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ አሳባቸውንም ገና አልገለጹልኝም።

ልጅቱን ግን ጉባኤው እስኪወስን ድረስ በትዕግሥት እንድትቈይ በነገርኋት ጊዜ እንዲህ አለችኝ፦ «የኔታ፥ ውዳሴ ማርያም ስዘልቅ ሴት ነሽ ያለኝ የለም፤ ዳዊትም ስደግም ማንም አላለኝም። ቅኔ ላይ ስደርስ ነው እንዴ ሴት የሆንሁት?» ቃሏን ለሽማግሌዎቹ አላደረስሁም፤ ሴት ልጅ ደፈረች ይሉ ይሆናልና። ለዚህ ጽሑፍ ግን ይገባል ብዬ አስገባሁት።

በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የምትማር አንዲት ጓደኛ አላት፤ ሁለቱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእንጦጦ መንገድ ሲመለሱ አያቸዋለሁ። አንዲቱ የፊዚክስ መጽሐፍ፥ አንዲቱ ደግሞ ከእኔ የተዋሰችውን የግሥ ደብተር ይዘዋል፤ ደብተሩ የአባቴ ነው፥ ዳር ዳሩ በላብ ወይቧል። በ35ኛው ገጽ ኅዳግ ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ አንድ ግሥ ለብቻው ተጽፎ፥ ከጐኑም ምንም ሳይጨመርበት ተሰምሮበታል። እኅቴ የነገረችኝ ያው ግሥ ነው።

የደብሩ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡት ከፍልሰታ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ይህን ጽሑፍ አስቀድመው እንዲያነቡት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ አዘጋጅቻለሁ።